እንባው የማን ነው?

በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ በቬርሞንት ግዛት፣ ዋይት ሪቨር ጃንክሽን በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በ1920 የክረምቱ ብርድ ገና ሳይለቅ አንዲት የ26 ዓመት ሴት ወንዝ ላይ በሚንሳፈፍ የበረዶ ግግር ተዘርራ ነበር። አንድ እጇና የተፈታው ረጅም ጸጉሯ ከግግሩ ጠርዝ አልፈው በውኃው ውስጥ ይጎተታሉ። የካሜራው ዘይት በብርድ እየረጋ ስላስቸገረ ከሥሩ እሳት ይነድለት ነበር፤ በግግሩ ላይ ለተኛችው ሴት ግን ትዕይንቱ ተቀርጾ እስኪያልቅ ድረስ እሳትም ብርድ ልብስም አልነበራትም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሴቲቱ ሊሊያን ጊሽ ትባላለች። ፊልሙ «ዌይ ዳውን ኢስት» ይሰኛል፤ ዳይሬክተሩም ዴቪድ ዋርክ ግሪፊዝ ነው። ታሪኩ ተታልላ የወለደች አንዲት ወጣት ከተጠለለችበት ቤት በውርጭ ሌሊት ስትባረርና ራሷን ስታ በበረዶ ላይ ወደ ፏፏቴ ስትወሰድ የሚያሳይ ነው። ጊሽ በኋላ ዘመን በጻፈችው ትዝታ ለሦስት ሳምንት ያህል በቀን ሃያ ጊዜ ያህል በዚያ በረዶ ላይ ትጋደም እንደነበረ ተርካለች። ቀደም ሲል በማማሮኔክ በተቀረጸው የበረዶ ውሽንፍር ትዕይንት የዐይኗ ሽፋሽፍት በረዶ አንጠልጥሎ ሲያይ ግሪፊዝ የካሜራ ባለሙያው ቢሊ ቢትዘር ቶሎ ቀርቦ ያንን ፊት እንዲያስቀርለት ጮኸበት። ውኃ ውስጥ የተነከረው እጇ ግን እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ ወደ ጤናው አልተመለሰም። ጊሽ ያረፈችው በ1993፣ በ99 ዓመቷ ነው።

አንባቢ በዚህ ታሪክ ግሪፊዝን ለመውቀስ ቢቸኩል አይፈረድበትም። ነገር ግን እጇና ጸጉሯ ውኃው ውስጥ ይጎተቱ የሚለውን ሐሳብ ያመነጨችው ጊሽ ራሷ ነበረች። ትዕይንቱ ይበልጥ ያምራል ብላ ነገረችው፤ እሱም ወደደው። ያስገደዳት የለም። ስለ ብርቱ ዳይሬክተሮችና ስለ ተዋናዮቻቸው የሚነገረውን ወሬ በጥሞና ለሚመረምር ሰው የመጀመሪያው ቋጠሮ የሚገኘው እዚሁ ላይ ነው። ተዋናይ ለሙያው ሲል በራሱ ፈቃድ የሚከፍለው ዋጋ አለ፤ ሌላው ሳያስፈቅደው የሚያስከፍለው ዋጋ ደግሞ አለ። ሸራው ላይ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ ወሬውም እንደ አንድ አድርጎ ያወራቸዋል።

ይህ ረኀብ ከየት መጣ ቢባል መልሱ ካሜራው ነው። የመድረክ ተዋናይ ልቅሶው እመጨረሻው ረድፍ ለተቀመጠው ተመልካች መድረስ ስላለበት በድምፁ፣ በትከሻው፣ በእጁ ያለቅሳል። ካሜራ ግን ወደ ፊት ተጠግቶ የከንፈርን መንቀጥቀጥ፣ የዐይንን መቅላት ያያል። በመድረክ ላይ ጥበብ የነበረው ነገር በቅርብ ምስል ሲታይ ብዙ ጊዜ ማስመሰል ሆኖ ይገኛል። የመጀመሪያዎቹ ታላላቅ ዳይሬክተሮች ይህን ሲረዱ ሁለት መንገድ ተከፈተላቸው። አንደኛው ተዋናዩ ራሱ ከውስጡ እውነቱን እስኪያወጣ ድረስ በትዕግሥት መጠበቅና መምራት ነው። ሁለተኛው አቋራጭ ነው፤ ብርድን ለማሳየት ማብረድ፣ ፍርሃትን ለማሳየት ማስፈራት።

አቋራጩን እስከ ጥግ ከሄዱበት መካከል ኤሪክ ፎን ስትሮሃይም ግንባር ቀደሙ ነው። በ1923 የፍራንክ ኖሪስን «ማክቲግ» ልቦለድ ወደ ፊልም ሲለውጥ የመጨረሻው ጠብ የሚካሄድበትን በረሃ በቅርብ ባለ የአሸዋ ክምር ላይ እንዲቀርጽ ስቱዲዮው ቢመክረውም እምቢ አለ። ባልደረቦቹን ይዞ በበጋው እምብርት «የሞት ሸለቆ» ወደተባለው የካሊፎርኒያ በረሃ ገባ። ሙቀቱ ወደ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋ ነበር። ከአርባ ጥቂት ከፍ ከሚሉት ሠራተኞች አሥራ አራቱ ታመው ወደ ሎስ አንጀለስ ተመለሱ፤ ከሁለቱ ዋና ተዋናዮች አንዱ የሆነው ጂን ኸርሾልት ቀረጻው ሲያልቅ ሆስፒታል ገባ። «ግሪድ» የተባለው ይህ ፊልም በመጀመሪያ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ነበር። ስቱዲዮው ቆራርጦ ቆራርጦ በ1924 ለሕዝብ ሲያቀርበው ከሁለት ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ሆኖ ቀረ። የተጣለው ቅሪት ጠፋ። ሰዎች ከታመሙበት ሥራ አብዛኛውን ያየው የለም ማለት ነው፤ የበረሃው ጠብ ግን ተርፏል፤ ያየውም ሰው አይረሳውም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ስሟ የሚነሣው ግን ረኔ ዣን ፋልኮኔቲ ናት። ፋልኮኔቲ በፓሪስ መድረኮች የታወቀች ተዋናይት ነበረች፤ በቀላል አስቂኝ ተውኔት ላይ ስትጫወት ዴንማርካዊው ካርል ቴኦዶር ድራየር አያት። ሌላ ሰው ሳቋንና ቅብ ፊቷን ብቻ ባየ ነበር። ድራየር ግን ከቅባቱ በታች የገጠር ሴት ፊት፣ መከራ የሚያውቅ ፊት እንዳለ ተሰማው። ቅባቷን አስጠርጎ በካሜራ ፊት ካቆማት በኋላ «የዣን ዳርክ ሕማማት» ለተሰኘው ፊልሙ መረጣት። ዣን ዳርክ በ1431 በእሳት የተቃጠለችው ፈረንሳያዊት ጀግና ናት፤ የሮማ ቤተ ክርስቲያን ቅድስት ብላ ያወጀቻት ከአምስት መቶ ዓመታት ገደማ በኋላ፣ በ1920 ነበር።

ቀረጻው የተካሄደው በ1927 ነው። ድራየር ብዙ ገንዘብ የወጣበት ትልቅ የግንብ ከተማ ካሠራ በኋላ ግንቡን ከሞላ ጎደል ሳያሳይ ፊት ብቻ ቀረጸ። አንድም ተዋናይ ፊቱን እንዲቀባ አልፈቀደም። ትዕይንቶቹንም እንደ ታሪኩ ቅደም ተከተል፣ ከችሎቱ መጀመሪያ እስከ ማገዶው ድረስ በተራ ቀረጻቸው፤ ተዋናይቱ መከራውን ደረጃ በደረጃ እንድትወርድበት ማለት ነው። የዣን ጸጉር የሚላጭበት ቀን ሲደርስ መቀሱ እውነተኛ ነበር። የአልባሳቱ ንድፍ ባለሙያ ቫለንቲን ሁጎ ያን ቀን ስታስታውስ፣ በስቱዲዮው ውስጥ የሬሳ ቤት ዓይነት ጸጥታ ሰፍኖ እንደነበር፣ የመብራት ሠራተኞች ሳይቀሩ ትንፋሻቸውን ውጠው ዐይናቸው እንባ ማቅረሩን፣ ፋልኮኔቲም የምታለቅሰው የምሯን እንደነበር ጽፋለች። እንደ እርሷ ትረካ ድራየር ወደ ተዋናይቱ ቀስ ብሎ ቀርቦ ከጉንጯ እንባ በጣቱ ወስዶ ወደ ከንፈሩ አስጠጋው።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ፊልም የሚነገረው ወሬ በየዘመኑ ሲጨመርበት ኖሯል። በድንጋይ ወለል ላይ ለሰዓታት ያንበረክካት ነበር ይባላል፤ ከዚህ ፊልም በኋላ አእምሮዋ ተነካ ይባላል። እውነታው ይህን ሁሉ አይደግፍም። ፋልኮኔቲ ከዚያ በኋላ ሌላ ፊልም አለመሥራቷ እውነት ነው፤ ግን ወደምትወደው ወደ መድረኳ ተመለሰች፤ በፓሪስ ቴያትር ቤት ይዛ አስተዳደረች፤ በ1946 በቦነስ አይረስ አረፈች። ድራየር ራሱ ስለ አሠራራቸው ሲጠየቅ የተናገረው ከወሬው ይልቅ ሥራ ሥራ ይሸታል። በየምሽቱ የዕለቱን ቀረጻ አብረው ይመለከታሉ፤ ከብዙው መካከል አንዲት ቅጽበት፣ አንዲት ትንሽ ብልጭታ ትገኛለች። በማግስቱ ከዚያች ብልጭታ ይጀምራሉ፤ የቀረውን ይጥሉታል። የአሰቃይና የተሰቃይ ወሬ በዚህ በትዕግሥት ጥበቃ ፊት ይደበዝዛል፤ ምንም እንኳ ጥበቃው ራሱ አድካሚ፣ ምናልባትም ጭካኔ ያለበት ቢሆን።

ጥበቃው ምን ያህል እንደነበር የሚመሰክር አንድ እንግዳ ነገር አለ። ፊልሙ በ1928 ከታየ በኋላ በዚያው ዓመት ማብቂያ ዋናው ኔጋቲቭ በበርሊን በእሳት ተቃጠለ። ድራየር ተስፋ አልቆረጠም፤ ለመጀመሪያው ፊልም ካልተመረጡት ቀረጻዎች አንድ ሌላ ሙሉ ፊልም አዘጋጀ። የተጣለው ብቻውን ሁለተኛ ፊልም ለመሥራት በቃ! ያም ቢሆን ዕድል አልቀናውም። በኋላም ለብዙ ዓመታት የመጀመሪያው ቅጂ ጠፍቷል ተብሎ ሲታመን፣ በ1981 በኖርዌይ በአንድ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ የፊልም ቆርቆሮዎች ተገኙ። ዛሬ የሚታየው የፋልኮኔቲ ፊት ከዚያ የወጣ ነው።

ወርቅ በእሳት ይፈተናል ይባላል። ብዙ ዳይሬክተር ይህን በልቡ ይዞ ወደ ሥራው ገብቷል። ወርቅ ግን አይሰማውም፤ ውልም አይፈርምም።

ከማቃጠል ይልቅ ማድከምን የመረጠው ዊልያም ዋይለር ነበር። በሆሊውድ «አርባ ጊዜ ዋይለር» እየተባለ ይታማ ነበር፤ አንዱን ትዕይንት ደጋግሞ ከማስቀረጹ የተነሣ። አስጨናቂው ነገር መደጋገሙ ብቻ አልነበረም። ምን ጎደለ ሲሉት አይናገርም፤ «ድገሙት» ብቻ ነው። በ1938 በወጣው «ጄዝበል» ቤቲ ዴቪስ ከፈረስ ወርዳ ረጅም ቀሚሷን በጉማሬ ጭራ አንሥታ ወደ ቤት የምትገባበትን አንድ አጭር ድርጊት ከአርባ ጊዜ በላይ አስደገማት። ተዋናይቱ ሁሉም አንድ ነው ብላ ስትበሳጭ ቀረጻውን አስቀምጦ አሳያት። አንድ አልነበሩም። የተመረጠው ላይ የተሠራ ነገር የሚመስል አልነበረበትም። ዴቪስ በዚህ ፊልም ኦስካር አገኘች፤ ዋይለርንም እድሜዋን ሙሉ አመሰገነችው። ሎውረንስ ኦሊቪዬ በ«ዉዘሪንግ ሃይትስ» ከዚሁ ሰው ጋር ሲጣላ ሰንብቶ ፊልም ከቴያትር የማያንስ ጥበብ መሆኑን ያስተማረኝ እሱ ነው ብሏል። በዋይለር ፊልሞች 14 ትወናዎች ኦስካር አግኝተዋል፤ ይህን ያህል ያስገኘ ሌላ ዳይሬክተር የለም። ዋይለር ማንንም በረዶ ላይ አላስተኛም። ጨካኝ ነበር ማለት ግን ይቻላል፤ ሰው ምን እንዳጠፋ ሳይነገረው አርባ ጊዜ መሳሳቱ ቀላል አይደለም።

ነገሩ ወደ ምሥራቅ አፍሪካም የመጣበት ጊዜ ነበር። በ1951 ጆን ሂውስተን «ዘ አፍሪካን ኩዊን»ን ለመቅረጽ ካትሪን ሄፕበርንንና ሃምፍሪ ቦጋርትን ይዞ ወደ ያኔው የቤልጅየም ኮንጎና ወደ ኡጋንዳ መጣ። ስቱዲዮ ውስጥ በተቀባ ሸራ ፊት ሊሠራ ይችል ነበር፤ እሱ ግን ተዋናዮቹ የምር እንዲያልባቸው ፈለገ። (ዝሆን የማደን ምኞቱም ከምክንያቶቹ አንዱ እንደነበር አብረውት የነበሩት ጽፈዋል።) በአልበርት ሐይቅ ዳር በቡቲያባ ሰፍረው ሳለ ወባና ተቅማጥ ሠራተኛውን ጨረሰው። ሄፕበርን በፊልሙ መክፈቻ የሚስዮናዊቷን ኦርጋን ስትጫወት የሚያስመልሳት ስለነበር ከካሜራው እይታ ውጪ ባልዲ ይቀመጥላት ነበር። ሂውስተንና ቦጋርት ሳይታመሙ የቀሩት ውኃ ትተው ውስኪ ብቻ ስለሚጠጡ ነው ተብሎ ይቀለዳል፤ ቀልዱንም ያስፋፉት ራሳቸው ናቸው።

ከዚህ ፊልም ሁለት ነገሮች ሊታለፉ አይገባም። አንደኛው ሄፕበርን ገጸ ባሕርይዋን መጀመሪያ ላይ ቆፍጣናና ፊቷ የተኮሳተረ አድርጋ ስትጫወት ሂውስተን ያደረገው ነው። አልተቆጣም፤ አላስደገማትም። ወደ ጎጆዋ ሄዶ የቆሰሉ ወታደሮችን በሆስፒታል እየዞረች የምትጎበኘውን የኤሊኖር ሩዝቬልትን ፈገግታ አስቢ አላት፤ ሄደ። ሄፕበርን በሕይወቷ ከሰማቻቸው የዳይሬክተር ምክሮች ሁሉ የሚበልጠው ይህ እንደነበር በመጽሐፏ መስክራለች። ሁለተኛው የአልቅቱ ነገር ነው። ቦጋርት ከወንዙ ሲወጣ ሰውነቱን አልቅት ወርሮት የሚታይበት ትዕይንት የተቀረጸው ለንደን ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ሂውስተን መንቀጥቀጡ የምር እንዲሆን እውነተኛ አልቅት ከነአርቢው አስመጣ። ቦጋርት አሻፈረኝ አለ። በመጨረሻ ለቦጋርት የጎማ አልቅት ተለጠፈለት፤ እውነተኛው አልቅት በቅርብ የሚታየው በአርቢው ደረት ላይ ነው። ቦጋርት በሕይወት ዘመኑ ያገኘው አንድያ ኦስካር ለዚህ ፊልም የተሰጠው ነው።

እምቢ ማለት የቻለው ቦጋርት ስለሆነ ነው የሚል ቢኖር እውነቱን ነው። ቲፒ ሄድረን ቦጋርት አልነበረችም። አልፍሬድ ሂችኮክ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ላይ አይቷት በረጅም ውል ያስፈረማት ሞዴል እንጂ በትወና ያልተፈተነች ሴት ነበረች። «ዘ በርድስ» በ1963 የወጣ የመጀመሪያ ፊልሟ ነው። በፊልሙ መጨረሻ ገደማ ጣሪያ ሥር ወዳለው ክፍል ብቻዋን ስትገባ ወፎች ይወሩባታል። ለዚህ ትዕይንት ሰው ሠራሽ ወፎች እንደሚዘጋጁ ተነግሯት ነበር። የቀረጻው ዕለት ማለዳ ረዳት ዳይሬክተሩ መጥቶ ሰው ሠራሾቹ አልሠሩም አላት። ስቱዲዮ ስትገባ በዙሪያው አጥር ተሠርቶ፣ ሣጥን ሙሉ ወፍ ተደርድሮ፣ ጠባቂዎቹ ወፍራም የቆዳ ጓንት አጥልቀው ጠበቋት። የአጥሩ መሠራት ነገሩ አስቀድሞ የታሰበ እንደነበር ይናገራል።

አምስት ቀን ሙሉ ወፍ ወረወሩባት። በመጨረሻው ቀን ወፎቹን በላስቲክ ከልብሷ ጋር አሰሯቸው፤ አንደኛው ከዐይኗ አጠገብ ቧጠጣት። ያኔ ወለሉ መሐል ተቀምጣ አለቀሰች። ሐኪሙ አንድ ሳምንት እንድታርፍ ሲያዝ ሂችኮክ ከእርሷ በቀር የሚቀረጽ ሰው የለም ብሎ ተከራከረ፤ ሐኪሙም ልትገድላት ነው ወይ ብሎ እንደጠየቀው ሄድረን ደጋግማ ተናግራለች። በ2016 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ደግሞ ዳይሬክተሩ ከቀረጻ ውጪ ይከታተላትና በጾታ ጥቃትም ያስቸግራት እንደነበር፣ እምቢ ስትለውም ሥራዋን እንደሚያበላሽባት እንደዛተ ጽፋለች። ሂችኮክ የሞተው በ1980 ስለሆነ መልስ አልሰጠም።

በዚህ ጉዳይ ሂችኮክን የሚከሰው ምርጥ ምስክር ግን ራሱ ሂችኮክ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በ«ሳይኮ» የሠራው የገላ መታጠቢያ ቤት ግድያ በፊልም ታሪክ ከተሠሩት አስፈሪ ትዕይንቶች ሁሉ የታወቀ ነው። ሰባት ቀን ፈጀ፤ ከሰባ በላይ የካሜራ አቀማመጥ ጠየቀ፤ ሸራው ላይ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ደሙ የቸኮሌት ሽሮፕ ነበር። ጩኸቷ የምር እንዲሆን ቀዝቃዛ ውኃ ለቀቁባት የሚለውን ወሬ ጃኔት ሊ ራሷ አስተባብላለች፤ ውኃው ለብ ያለ ነበር። ፍርሃቱን የሠራው መቀሱና ሙጫው፣ የሙዚቃው ጩኸትና የተዋናይቱ ችሎታ ነው። ፊትን ከሌላ ምስል ጋር አጣምሮ ስሜት መፍጠርን ሂችኮክን ያህል የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ይህን ሁሉ እያወቀ በ1962 ወፎቹን ያስወረወረው ለጥበቡ አስፈላጊ ስለነበር ነው ማለት አስቸጋሪ ነው።

በ1970ዎቹ ይህ ልማድ የወንድነትና የሊቅነት ምልክት ተደርጎ መወራት ጀመረ። ዊልያም ፍሪድኪን በ1973 በወጣው «ዘ ኤክሶርሲስት» የመኝታ ክፍሉን ትዕይንት እንደ ሥጋ ማቀዝቀዣ አስቀዘቀዘ፤ ያልታሰበ ጥይት እያስተኮሰ ተዋናዮቹን ያስደነብር ነበር፤ ከተዋናዮቹ አንዱ የሆኑትን እውነተኛ ካህን ከቀረጻ በፊት በጥፊ መታቸው። ኤለን በርስቲን በገመድ ወደ ኋላ የምትጎተትበትን ትዕይንት በኃይል እየጎተቱኝ ነው ብላ አስቀድማ አስጠንቅቃ ነበር። በሚቀጥለው ቀረጻ ወድቃ ጅራንጎሏ ተጎዳ። በፊልሙ ላይ የሚሰማው ጩኸት የዚያ ሕመም ጩኸት ነው፤ ጉዳቱም ለዓመታት አብሯት ኖረ።

ከአንድ ዓመት በፊት በፓሪስ የሆነው አካል አላቆሰለም። ቤርናርዶ ቤርቶሉቺ «የመጨረሻው ታንጎ በፓሪስ»ን ሲቀርጽ በአስገድዶ መድፈሩ ትዕይንት ላይ የሚፈጸም አንድ ዝርዝር ከማርሎን ብራንዶ ጋር ተማክሮ ለ19 ዓመቷ ማሪያ ሽናይደር ሳይነግራት ቀረ። ድርጊቱ የማስመሰል ነበር፤ እንባዋ ግን የምር እንደነበረና መዋረድ እንደተሰማት በ2007 ተናገረች። በ2011 አረፈች። ቤርቶሉቺ በ2013 ሲጠየቅ ውርደቱን እንድትተውን ሳይሆን እንድትሰማው እንደፈለገ ገለጸ፤ ጥፋተኝነት ቢሰማውም እንደማይጸጸት አከለ። የዚህ ሁሉ ታሪክ እውነተኛ ክርክር በዚህች ንግግር ውስጥ ተጠቅልሏል። ተዋናይት እንድትተውን አትፈለግም ከተባለ ለምን ተዋናይት ተቀጠረች?

ንግግሩ በ2016 በሰፊው ሲሰራጭ ዓለም ተቆጣ። በማግስቱ ዓመት የሆሊውድ ሴቶች ስለ ጥቃት በይፋ መናገር ሲጀምሩ ደግሞ የቀረጻ ልማዶች ሁሉ ተመረመሩ። ከ2018 ጀምሮ ኤችቢኦ በተከታታይ ድራማዎቹ የሩካቤና የእርቃን ትዕይንት በሚቀረጽበት ጊዜ ተዋናዩ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ አውቆ መስማማቱን የሚቆጣጠር ባለሙያ እንዲገኝ ወሰነ፤ የአሜሪካ ተዋናዮች ማኅበርም በ2020 መመሪያ አወጣ። ከዚያ በፊት የሥራ ላይ ደኅንነት ሕግ የጠበቀው በሞት ነበር። በ1982 የ«ትዋይላይት ዞን» ፊልም በሌሊት ሲቀረጽ ሄሊኮፕተር ወድቆ ተዋናዩን ቪክ ሞሮውንና ከሕግ ውጪ የተቀጠሩ ሁለት ሕፃናትን ገደለ። የተከሰሱት ሰዎች በ1987 በነፃ ተለቀቁ።

ሼሊ ዱቫል በስታንሊ ኩብሪክ «ዘ ሻይኒንግ» ላይ የደረሰባት ነገር ለመፍረድ ከሁሉ የሚያስቸግር ነው። ዱቫል ያለ ጭንቀት ታላቅ ትወና እንደምታቀርብ ቀድማ ያስመሰከረች ሴት ነበረች። በሮበርት አልትማን «ስሪ ዊሜን» ላይ የገጸ ባሕርይዋን የዕለት ማስታወሻ ራሷ እንድትጽፍ ተፈቅዶላት፣ በ1977 የካን ፌስቲቫልን የምርጥ ተዋናይት ሽልማት ከአንዲት ሌላ ተዋናይት ጋር ተጋርታለች። በቀጣዩ ዓመት ለንደን አጠገብ ወዳለው የኤልስትሪ ስቱዲዮ ገባች፤ ቀረጻው ከ1978 ግንቦት ተጀምሮ አንድ ዓመት ያህል ዘለቀ። ባሏ አብዶ የሚያሳድዳትን ሴት ነው የምትጫወተው። በ1980 ለሐያሲው ሮጀር ኢበርት እንደነገረችው ወራት ሙሉ፣ በሳምንት አምስትና ስድስት ቀን፣ በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ስታለቅስ ትውል ነበር። የዳይሬክተሩ ልጅ ቪቪያን በቀረጻው መሐል በሠራችው አጭር ዘጋቢ ፊልም ዱቫል የረገፈ ጸጉሯን ስታሳይና ኩብሪክ ማንም እንዳያዝንላት ሲናገር ይታያል።

የደረጃው ትዕይንት በተለይ አፈ ታሪክ ሆኗል። ዱቫል የቤዝቦል ዱላ ይዛ፣ እያለቀሰች፣ ከባሏ ወደ ኋላ እየሸሸች ደረጃ የምትወጣበት ነው። የጊነስ መጽሐፍ 127 ጊዜ ተቀረጸ ብሎ መዝግቦታል፤ ይህም ቁጥር ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲገለበጥ ኖሯል። ነገር ግን የተንቀሳቃሽ ካሜራው ባለሙያ ጋሬት ብራውንና በኤዲቲንግ ክፍል የሠራው ጎርደን ስቴይንፎርዝ ከ35 እስከ 45 ጊዜ ቢሆን ነው ይላሉ። እነዚህ ሁለቱ በቦታው የነበሩ ናቸው። 127ቱ የሚጣፍጠው ኩብሪክን አንድም ሊቅ፣ አንድም ጭራቅ ስለሚያደርገው ነው። አርባ ጊዜም ቢሆን ለዚያ ልቅሶ ብዙ ነው።

ዱቫል ራሷ የሰጠችው ምስክርነት ወሬኞቹን አያስደስትም። በዚያው ዘጋቢ ፊልም ላይ ከኩብሪክ በአንድ ዓመት የተማረችው ከቀደሙት ፊልሞቿ ሁሉ እንደሚበልጥ፣ ይሁንና ቂም እንደያዘችበት ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ተናግራለች። በ2021፣ ከሆሊውድ ርቃ በቴክሳስ ስትኖር፣ ጠያቂዎች ሲያገኟት ኩብሪክ ለእርሷ ደግ እንደነበር ገለጸች፤ የጭካኔ ጠባይ እንዳለበት ግን አልካደችም። በየማለዳው ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት በጆሮ ማዳመጫ አሳዛኝ ዘፈን እየሰማች፣ በሕይወቷ የገጠማትን ሐዘን እያስታወሰች ራሷን ለልቅሶ ታዘጋጅ ነበር። ቀናት ሲደራረቡ ሰውነቷ አልታዘዝም ይላታል፤ እርሷም ታስገድደዋለች። እንግዲህ ያ እንባ የዳይሬክተሩ ብቻ ነው ማለት የተዋናይቱን ሥራ መንጠቅ ነው። ኩብሪክ ጨቆናት ብለው የሚያዝኑላት ብዙዎች ሳይታወቃቸው የሚነጥቋት ይህንኑ ነው።

በጊዜው የነጠቋት ግን በሌላ መንገድ ነበር። ፊልሙ በ1980 ሲወጣ «ራዚ» የተባለው የመጥፎ ፊልሞች መሳለቂያ ሽልማት በመጀመሪያ ዓመቱ ዱቫልን ለመጥፎ ተዋናይት ማዕረግ አጫት። ሽልማቱ እጩነቷን የሰረዘው ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2022፣ በቀረጻ ላይ የደረሰባትን ጠቅሶ ነው። ዱቫል በሐምሌ 2024 አረፈች።

በዚያ ቀረጻ ላይ ሌላ ተዋናይ ነበር፤ ዳኒ ሎይድ የተባለ የስድስት ዓመት ሕፃን። በፊልሙ ከማንም በላይ የሚደነግጠው እርሱ ነው። ኩብሪክ ለዚህ ልጅ ፊልሙ አስፈሪ መሆኑ እንዳይነገረው አጥብቆ አዘዘ፤ ሆቴል ውስጥ ስለሚኖር ቤተሰብ የሚተርክ ድራማ እንደሆነ ብቻ ነበር የሚያውቀው። እናቱ ተሸክማው እየጮኸች ባሏን የምትወቅስበት ትዕይንት ላይ ዱቫል የታቀፈችው ልጁን ሳይሆን በመጠኑ የተሠራ አሻንጉሊት ነው። ትእዛዙ ልጁ ምን እንዲያይ፣ ፊቱን እንዴት እንዲያደርግ ብቻ ነበር፤ የቀረውን ካሜራውና ኤዲተሩ ጨረሱት። የልጁ ፍርሃት ከዱቫል ፍርሃት አያንስም፤ በአንድ ስቱዲዮ፣ በአንድ ዓመት፣ በአንድ ሰው እጅ የተሠራ ነው። ሎይድ ፊልሙን ሙሉውን ያየው ዐሥራ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ካደገ በኋላም ትወናን ትቶ በኬንታኪ የባዮሎጂ መምህር ሆነ።